«ተንከራታች» ስለተባለው ተጫዋች

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል
ከጎንደር

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በስፖርት ገጻችሁ ብዙ ቡድን የለወጠ ተጫዋች ስም በተነሳ ቁጥር «ተንከራታች» የምትል ቃል አብራ ትነሳለች። የአገር ውስጥ ዝውውር ሲዘገብም፣ የባሕር ማዶ ዜና ሲተረጎምም ያችው ናት። ቃሏ አንድ ብትሆንም የምታደርሰው ጉዳት ብዙ ነው። አዘዞ ላይ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ የ18 ዓመት ልጅ ያነባታል፤ አሰልጣኙም ያነባታል፤ ልጁን የሚያስፈርመው ክለብ ሰውም ያነባታል። ከዚያም ከአንድ ክለብ የወጣ ሁሉ ያልተፈለገ ነው ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ስህተት ነው። ስህተትነቱን ከማንም በላይ የሚያሳይ አንድ ሙያ ስላለ ስለሱ ልጽፍላችሁ ወደድሁ፦ በአሜሪካ ቤዝቦል ከቡድን ቡድን እየተዘዋወረ ዳቦውን የሚበላው የውጭ ሜዳ ተጫዋች።

ቤዝቦልን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ተጫዋች ከቡድን ወደ ቡድን የሚሄድበት ደንብ እንደዚያ ስፖርት በቀንና በቁጥር ተለክቶ የተጻፈበት ቦታ አላውቅም። በዚያ ላይ ብዙ የጎንደር ቤት ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ውስጥ ዘመድ አለው፤ እዚያ የሚያድጉት ልጆችም ኳስ ሲሉ የእግሩን ብቻ ማለታቸው አይደለም።

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው መሠረቱ አይከብደውም። ዱላ አለ፣ ሩር አለ፣ ሩጫ አለ። ልዩነቱ ኳሷ መሬት ለመሬት አለመገፋቷ ነው፤ ወርዋሪው ከ18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይወረውራታል፣ መቺው በእንጨት ዱላ ይመታታል፣ መትቶም በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ቤዞች ለመዞር ይሮጣል። ከቤዝ እስከ ቤዝ 27 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። የተመታችውን ኳስ ከቤዞቹ ኋላ ባለው ሰፊ ሣር ላይ የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በመሐል፣ አንዱ በቀኝ። የውጭ ሜዳ ተጫዋች የምለው እነዚህን ነው። በመሐል የሚቆመው ፈጣን መሆን አለበት፤ የሚሸፍነው ስፋት ትልቁ ነውና። የቀኙ ክንዱ ጠንካራ ይሁን፤ ወደ ሦስተኛው ቤዝ የሚወረውረው ረጅሙን ርቀት ነው። የግራው ክንዱ ደከም ቢል ይታለፍለታል፤ እሱ ግን በዱላው እንዲክስ ይጠበቃል። ሦስቱንም ቦታ መሸፈን የሚችል ሰው ኮከብ ባይሆን እንኳ ሥራ አያጣም። የተዘዋዋሪው ተጫዋች እንጀራ የተጋገረው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው ቆሞ መጠበቅ ይመስላል፤ ኳሷ ከዱላው በተነሳችበት ቅጽበት ግን ሁሉም ነገር በመጀመሪያው እርምጃ ይወሰናል። ኳሷ ከራሱ በላይ ልታልፍ ከሆነ ጀማሪ ፊቱን ወደ ኳሷ እንዳዞረ ወደ ኋላ በተረከዙ ይሄዳል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ፍጥነት የለውም፣ ይወድቃልም። ያወቀው ሰው ዳሌውን ያዞርና ኳሷ በምትሄድበት ጎን ያለውን እግር ወደ ኋላ ጥሎ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ ኳሷን በትከሻው ላይ አሻግሮ ያያታል። ሲሮጥ የሚረግጠው በእግሩ ጣቶች ሥር ባለው ሥጋ እንጂ በተረከዙ አይደለም። ተረከዝ መሬት በመታ ቁጥር ጭንቅላት ይናጣል፣ ዓይንም አብሮ ይናጣል፤ ኳሷ በአየር ላይ የምትዘል ትመስላለች። ሁለት እጅ ላይ የገባች የምትመስል ኳስ ተስታ የምትወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የምታስቸግረው ደግሞ በቀጥታ ወደ ራሱ የተመታችው ናት። በጎን የምትሄድ ኳስ ቅስቷ ይታያል፤ ፊት ለፊት የምትመጣ ግን እስክትቀርብ ድረስ አጭር ትሁን ረጅም አትለይም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መጀመር ይሻላል፤ ወደ ፊት መመለስ ወደ ኋላ ከመመለስ ይቀላልና።

ይዞ መወርወርም የራሱ አካሄድ አለው። ጣቶቹ የኳሷን ስፌት አቋርጠው መያዝ አለባቸው፤ ስፌቱን ተከትለው ከያዙ ኳሷ በመንገድ ላይ ወደ ጎን ትከዳለች። ከመወርወሩ በፊት አንድ አጭር ዝላይ አለች፤ የሩጫው ኃይል ወደ ክንዱ የሚሻገረው በእሷ ነው። ውርወራው መሐል ላይ ቆሞ ለሚቀበለው የቡድን ጓደኛ ደረት ወይም ራስ ከፍታ መድረስ አለበት። ብዙ ወጣት ክንዱን ለማሳየት ሲል ከተቀባዩ ራስ በላይ አሳልፎ ይወረውራል፤ ተመልካች ያጨበጭባል፣ መቺው ግን ይህን አይቶ አንድ ቤዝ በነጻ ይጨምራል። አሰልጣኞች ለተጠባባቂነት ሰው ሲመርጡ የሚያዩት ይህን ነው። ኮከብ ከሆነ ይታገሱታል፤ አራተኛ የውጭ ሜዳ ተጫዋች ከሆነ አይታገሱትም።

እግረ መንገዴን ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል፤ የጎንደርን አንባቢ ይመለከታልና። ከሜጀር ሊግ፣ ማለትም ከአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ሜዳዎች ሁሉ በከፍታ የሚበልጠው ዴንቨር ውስጥ ያለው የኩርስ ፊልድ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ። አየሩ ሳሳ ስለሚል ባሕር ዳርቻ ላይ 120 ሜትር የሚሄድ ምት እዚያ ስድስት ሜትር ያህል ይጨምራል፤ የሚጠማዘዝ ውርወራም ጥምዝዙ ይቀንሳል። ለዚህ ብለው አጥሩን አራቁት፤ በመሐል በኩል 126 ሜትር ከግማሽ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ደግሞ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ደረቅ ኳስ ከዱላ ላይ የበለጠ ትፈናጠራለች። አጥሩ ሲርቅ ሣሩ ይሰፋል፤ ሣሩ ሲሰፋ የውጭ ሜዳ ተጫዋቹ ብዙ ይሮጣል፣ እግሩም ቶሎ ይደክማል። ጎንደር ከዴንቨር በ500 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ የአየሩ እፍጋትም ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እዚህ ቤዝቦል ቢኖር ኖሮ ተከላካዮቹ ከዴንቨሮቹም ወደ ኋላ ራቅ ብለው መቆም ነበረባቸው። በፋሲለደስ ስታዲየም ረጅም ኳስ የሚያሻማ የእግር ኳስ ተጫዋችም ከቆላ ሜዳ ሲመጣ ኳሱ ለምን እንደሚያልፍበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ተጫዋቹ ለምን ይዘዋወራል? መጀመሪያ ቦታውን እንቁጠር። በሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች አሉ። አንድ ቡድን በውድድር ዘመኑ አብዛኛው ክፍል 26 ተጫዋች ይይዛል፤ ወርዋሪዎች ከ13 መብለጥ አይችሉም፣ ቡድኖቹ ግን 13ቱን ይሞሏቸዋል። በቀሩት 13 ቦታዎች ሁለት ካቸሮች (ከመቺው ኋላ ተቀምጠው የተወረወረችውን ኳስ የሚቀበሉ)፣ አምስት ስድስት የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች፣ ብዙ ጊዜም ለመምታት ብቻ የተያዘ አንድ ሰው ይገባሉ። ለውጭ ሜዳ የሚተርፈው አራት፣ ሲበዛ አምስት ቦታ ነው። ሦስቱ የቋሚዎቹ ናቸው። እንግዲህ በዓለም ትልቁ ሊግ ውስጥ የአራተኛው የውጭ ሜዳ ተጫዋች ወንበር 30 ብቻ ነው ማለት ነው። ከሥራቸው ባሉት አራት ደረጃዎች የሚጫወቱ 120 የማይነር ሊግ ቡድኖች እነዚህን 30 ወንበሮች ይመለከታሉ። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የቻለ ሰው ደካማ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ ደንቡ ይመጣል። 26ቱን ጨምሮ በሚያዘው የቡድኑ የ40 ሰው ዝርዝር ውስጥ የገባ ወጣት ሦስት የኦፕሽን ዓመታት አሉት። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ማይነር ሊግ ያወርደዋል፣ ይመልሰዋል፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከአምስት ጊዜ በላይ ማውረድ የተከለከለው ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ነው። ሃያ ቀን ታች ከቆየ አንዱ ዓመት ተቆጠረ። ሦስቱ ዓመታት ሲያልቁ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ቡድኑ ሊያወርደው ቢፈልግ አስቀድሞ ለሌሎቹ 29 ቡድኖች ማቅረብ አለበት፤ ይህ ዌቨር ይባላል። ከ29ኙ አንዱ «እኔ እወስደዋለሁ» ካለ ተጫዋቹ የዚያ ቡድን ይሆናል። ልብ በሉ አዘጋጆች፦ በዜናችሁ «ቡድኑ አሰናበተው» ተብሎ የሚጻፍለት ሰው ብዙ ጊዜ የሄደው ሌላው ቡድን ስለፈለገው ነው። ማንም ያልፈለገው ሰው ቡድን አይለውጥም፤ ከማይነር ሊግ ላይኛው ደረጃ ወደሆነው ትሪፕል ኤ ወርዶ እዚያው ይቀራል፣ ስሙም ከጋዜጣ ይጠፋል። ስምንት ቡድን የለወጠ ሰው ስምንት ጊዜ ተፈልጓል።

ሌላም መንገድ አለ። ቡድኑ ለሌላ ሰው ቦታ በአስቸኳይ ሲፈልግ ተጫዋቹን ከ40ዎቹ ዝርዝር ወዲያው ያወጣዋል፤ ከዚያ በሰባት ቀን ውስጥ ወይ ይለውጠዋል፣ ወይ በዌቨር ያቀርበዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል። እነዚህ ሰባት ቀናት በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚከፉት ናቸው። ተጫዋቹ መጫወት አይችልም፣ የት እንደሚሄድም አያውቅም፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ሳያይ ሰባት ቀን የቆየ ዓይን ደግሞ ይዘገያል። እንዲህ ያለች ኳስ ከወርዋሪው እጅ እስከ መቺው የምትደርሰው በአራት አስረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በአዲሱ ቡድን የመጀመሪያ ሳምንቱ ላይ አስር ጊዜ ቀርቦ አንድ ጊዜ ብቻ የመታ ሰው ሲታይ «ይኸው፣ ለዚህ ነው የለቀቁት» ይባላል። ምክንያቱ ግን ያ የባከነ ሳምንት ነው።

ገንዘቡ በቀን ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 760,000 ዶላር ነበር፤ በቀን ሲካፈል ከ4,000 ዶላር ይበልጣል። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በትሪፕል ኤ፣ የማይነር ሊግ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነታቸውን ሲፈርሙ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 35,800 ዶላር ነበር። ከላይ ዘጠኝ ቀን የዋለ ሰው ታች ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ተዘዋዋሪው ተጫዋች ቀን ይቆጥራል። አርባ ሦስት ቀን ሲሞላው ዝቅተኛውን የጡረታ መብት ያገኛል። አንድ መቶ ሰባ ሁለት ቀን አንድ የአገልግሎት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ደመወዙን በግልግል ዳኝነት መከራከር ይችላል፤ ስድስት ሲሞላው ነጻ ሆኖ ከፈለገው ጋር ይፈርማል፤ አስር ሲሞላው ጡረታው ሙሉ ይሆናል። አርባ አንድ ቀን ላይ ሆኖ ወደ ታች የተላከ ሰው ከጎደሉት ሁለት ቀናት ጋር ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ለዚህ ሰው አምስተኛው ቡድን ከስድስተኛው አይለይበትም፤ የሚያስጨንቀው የቀኑ ቁጥር መቆሙ ነው።

አሁን ከመዘዋወሩ የሚገኘውን እውቀት ላሳያችሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። የእግር ኳስ ሜዳ የትም ቢኬድ አራት ማዕዘን ነው። የቤዝቦል የውጭ ሜዳ ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ርቀቱ፣ የአጥሩ ቁመት፣ አጥሩ የተሠራበት ነገር ሁሉ ይለያያል። በቦስተን የግራው አጥር 11 ሜትር ከ30 ከፍታ ያለው ግድግዳ ነው፤ ከመቺው ያለው ርቀት ግን 94 ሜትር ከግማሽ ብቻ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ኳሷን ተከትሎ እስከ ግድግዳው ሥር ይሮጣል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ግድግዳውን ትመታና በራሱ ላይ አልፋ ወደ መሐል ሜዳ ትመለሳለች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀራል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆሞ ነጥራ የምትመለሰውን ይጠብቃል። በቺካጎ ሪግሊ ፊልድ አጥሩ ጡብ ነው፣ ጡቡን ሐረግ ሸፍኖታል። ኳሷ ሐረጉ ውስጥ ገብታ ከጠፋች ተጫዋቹ ሁለት እጁን ወደ ላይ ማንሳት አለበት፤ ያን ጊዜ ዳኛው ጨዋታውን ያቆምና መቺው ሁለት ቤዝ ብቻ ይሰጠዋል። እጁን ሐረጉ ውስጥ ሰዶ መፈለግ ከጀመረ ግን ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሯጮቹም ይዞራሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የቀኙ አጥር ከሰባት ሜትር በላይ የሚቆም የጡብ ግድግዳ ነው፤ ቅርጹ ወጣ ገባ ስላለበት ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር ከልምድ በቀር የሚናገር የለም።

እንግዲህ አንድ ጨዋ ተዘዋዋሪ አዲስ ሜዳ ሲደርስ ልብሱን ከቀየረ በኋላ የሚሠራው ይታወቃል። ሰው ሁሉ ሲማሟቅ እሱ ባልዲ ኳስ ይዞ ወደ አጥሩ ይሄዳል፤ ወደ ጥጉ፣ ወደ መጋጠሚያው፣ ወደ በሩ እየወረወረ የምትነጥርበትን ያያል። ከሣሩ መጨረሻ እስከ አጥሩ ያለውን የአፈር ንጣፍ በእርምጃ ይቆጥራል፤ አፈሩ የተነጠፈው ዓይኑ ኳሷ ላይ የሆነ ሰው በእግሩ እንዲያውቅና ከግድግዳ ጋር እንዳይላተም ነው። ፀሐይ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደምትገባ ያጣራል፤ ጓንቱን ከፀሐዩ ጎን አንስቶ በጥላው ውስጥ ማየት አለበትና። ጓንቱንም ይንከባከባል፤ የውጭ ሜዳ ጓንት ረጅሙ ነው፣ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አዲስ ጓንት ደረቅ ቆዳ ስለሆነ ኳሷን ይተፋል፤ እስኪለሰልስ ሳምንታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው አሮጌው ጓንት ከሻንጣ ጋር ወደ ጭነት የማይሄደው፣ በእጅ የሚያዘው። ስምንት ቡድን ያየ ሰው ይህን ሁሉ ግድግዳ በጭንቅላቱ ይዟል። ቋሚው ኮከብ የራሱን ሜዳ ከሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ ተዘዋዋሪው የሁሉንም ያውቃል፣ ወጣቶቹም የሚጠይቁት እሱን ነው።

በዱላ በኩል ደግሞ የእጅ ጉዳይ አለ። ከወርዋሪዎች የሚበዙት ቀኞች ናቸው። የቀኝ ወርዋሪ ጥምዝ ውርወራ ከቀኝ መቺ ይሸሻል፣ ወደ ግራ መቺ ግን ይገባል። ስለዚህ በግራ በኩል ቆሞ የሚመታ የውጭ ሜዳ ተጫዋች ዕድሜው ቢገፋም ቦታ ያገኛል። ካናዳዊው ማት ስቴርስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሜጀር ሊግ 19 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ በ12 ድርጅቶች ውስጥ አልፏል፣ በመካከሉም ጃፓን ደርሶ ተመልሷል። 265 ሆም ራን፣ ማለትም መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባበት ከአጥር ያለፈ ምት፣ አለው። ከእነዚህ 23ቱን የመታው በሌላ ሰው ተተክቶ ለአንድ ጊዜ ብቻ በመግባት ነው፤ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ሁለት ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ ተነስቶ፣ ላብ ሳይኖር፣ የተጋጣሚውን ከሁሉ የተሻለ የመጨረሻ ሰዓት ወርዋሪ አንድ ጊዜ ብቻ መግጠም። ይህን የሚችሉ ሰዎች ከጨዋታው አጋማሽ ጀምሮ ከመቀመጫው ኋላ ባለው የመለማመጃ ዋሻ ውስጥ ገብተው ዱላ ያወዛውዛሉ፤ ማን ሊገባ እየተማሟቀ እንደሆነ ይመለከታሉ፤ ከሁሉም ኳስ ጋር አይታገሉም፣ አንድ ዓይነት ውርወራ መርጠው እሱን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ወርዋሪዎች በሜጀር ሊጉ ሁሉ መምታት ስላቆሙ፣ ተተኪው ብዙ ጊዜ የሚገባው በእነሱ ቦታ ነበርና፣ ይህ የተተኪ መቺ ሥራ በእጅጉ ቀንሷል። ደንብ ሲለወጥ የሚዘጋው በር የማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ዴቭ ሮበርትስን ሳልጠቅስ ባልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት 28ኛ ዙር ላይ የተመረጠ፣ ሜጀር ሊግ የደረሰው በ27 ዓመቱ፣ በአምስት ቡድን የተጫወተ የውጭ ሜዳ ሰው ነው። በሐምሌ 31 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከሎስ አንጀለስ ወሰደው፤ የተፈለገው ለእግሩ ነበር። በጥቅምት 17 ቦስተን በኒው ዮርክ በግጥሚያ ብዛት 3 ለ 0 ተመርቶ፣ በአራተኛው ግጥሚያ መጨረሻ ክፍል ደግሞ 4 ለ 3 እየተሸነፈ፣ ኬቨን ሚላር አንደኛ ቤዝ ላይ ሲደርስ ሮበርትስ በሱ ቦታ ለመሮጥ ገባ። ስታዲየሙ ሁሉ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ሊይዝ፣ እንደገባ ያውቃል። ወርዋሪው ማሪያኖ ሪቬራ ሦስት ጊዜ ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወረ። ለቁጭ ባይ ሰው እነዚያ ሦስት ውርወራዎች ጠቀሙት፤ እያንዳንዱ ተመላልሶ ዘልሎ እንዲገባ ስላደረገው ቀዝቅዞ የነበረው እግሩ ሞቀ፣ የሪቬራንም እንቅስቃሴ በቅርብ አየው። ወደ መቺው በተወረወረችው የመጀመሪያ ኳስ ላይ ተነስቶ ሁለተኛ ቤዝን ሰረቀ፤ የካቸሩ ውርወራ ጥሩ ነበር፣ የሮበርትስ እጅ ግን በጣት ያህል ቀደመ። ቢል ሙለር መታ፣ ሮበርትስ ገባ፣ እኩል ሆነ። ቦስተን ያን ግጥሚያ አሸነፈ፣ ተከታዮቹንም፤ ከ86 ዓመት በኋላም ዋንጫውን አነሳ። ሮበርትስ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ለቦስተን የተጫወተው 45 ግጥሚያ ነው። ኋላ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ዋንጫ አነሳ። ቅጥሩ ለጥቂት ወራት፣ ሥራው ለጥቂት ሰከንዶች ነበር፤ «ተንከራታች» የምትለዋ ቃል ግን ለዚህ ሁሉ ስም የላትም።

መዘዋወሩ በተጫዋቹ ፈቃድ ያልነበረበት ዘመንም አለ። በግንቦት 30 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎና ሴንት ሉዊስ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሲጋጠሙ ማክስ ፍላክና ክሊፍ ሂዝኮት የተባሉ ሁለት የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል ተለዋወጡ፤ ጠዋት አንዱን ማሊያ ከሰዓት ሌላውን ለበሱ። በነሐሴ 4 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. ጆኤል ያንግብለድ ቀን ላይ ቺካጎ ውስጥ ለኒው ዮርክ ሜትስ መታ፤ ከሜዳ ወጥቶ መለወጡ ተነገረው፤ በአውሮፕላን ፊላደልፊያ ደርሶ ማታ ለሞንትሪያል መታ። በአንድ ቀን፣ በሁለት ከተማ፣ ለሁለት ቡድን። የሴንት ሉዊሱ የመሐል ሰው ከርት ፍለድ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ፊላደልፊያ ሲለወጥ «እኔ የሚሸጥ ንብረት አይደለሁም» በሚል መንፈስ አልሄድም አለ፣ ከሰሰም። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት፤ የጨዋታ ዘመኑም ከፍርዱ በፊት፣ በ1971 አብቅቶ ነበር። ተጫዋቾች ነጻ ሆነው የመፈረም መብትን ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ በ1975 መጨረሻ በተሰጠ የግልግል ውሳኔ ነው። ዛሬ አስር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች መለወጥን መከልከል ይችላል፤ ይህን መብት በፍለድ ስም የሚጠሩት አሉ።

ይህ ሁሉ ለጎንደር ምን ይረባል? ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከከተማው ልጆች ጋር ከሌላ ክለብ የመጡም ነበሩበት። በአገራችን የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ሰው ይሄዳል። ልዩነቱ እዚህ ማንም ቀን አይቆጥርም፤ ወረቀትም አይያዝም። ልጆቻችን ቢያንስ እነዚህን ይያዙ፦ የተፈረመ የውል ኮፒ በእጅ፤ የመልቀቂያው ወረቀት ከነማኅተሙና ከነቀኑ፤ በየክለቡ የተጫወቱበት ጊዜ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፤ ጉዳት ካለ የሐኪም ማስረጃ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለብ መመዝገብ ይችላል፤ በመደበኛው ሁኔታ በይፋዊ ግጥሚያ የሚሰለፈው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ ክለብ በጥር ሲጠራው ይህን የማያውቅ ልጅ ፈርሞ ተመልካች ይሆናል። በዚሁ ደንብ ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቅና ቢያንስ 15 ቀን መስጠት ይኖርበታል። በቃል ተናግሮ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ጋዜጣው «ጠፋ» ብሎ ይጽፍበታል።

ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። የዝውውር ዜና ስትጽፉ ከስሙ ቀጥሎ ስንት ግጥሚያ እንደተጫወተና ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ አስገቡ። የወጣበትን ምክንያት ለዩት፦ ውሉ አልቆ ነው፣ አሰልጣኝ ተለውጦ ነው፣ ደመወዝ ቀርቶበት ነው ወይስ ሌላ ክለብ ፈልጎት ነው? የትኞቹን ቦታዎች መሸፈን እንደሚችልም ጨምሩ። ቃል ካስፈለጋችሁም «ተዘዋዋሪ» የሚለው በቂ ነው፤ ስድስት ፊደል ከሚይዘው «ተንከራታች» ይልቅ ቦታም አይፈጅባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር
ጎንደር